ጉንፋን ከነፋስ ሳይሆን ከትንፋሽ ስለ መምጣቱ

ከወላይታ ሶዶ ወደ አዲስ አበባ በሚወጣው አውቶቡስ ተሳፍሮ የተጓዘ ሰው ይህን ነገር ሳያይ አልቀረም። ከመንገደኞቹ አንዱ ሙቀቱ ሲበዛበት መስኮቱን ጥቂት ገለጥ ያደረገው እንደ ሆነ፣ ወዲያው ከኋላው «መስኮቱን ዝጋው፤ ብርድ ይመታናል» የሚል ድምፅ ይነሣል፤ መስኮቱም ይዘጋል። ከዚህ በኋላ ያ ሁሉ ሰው የቀኑን እኩሌታ ያህል አንዱ የተነፈሰውን ሌላው እየሳበ ይጓዛል። በመካከሉ የሚያስነጥስ ሰው ቢኖር «ይማርህ» ይባላል እንጂ የሚፈራው የለም። የሚፈራው ነፋሱ ብቻ ነው።

እኛም በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን ለክቡራንና ለክቡራት አንባቢዎቻችን ልናስረዳ ያሰብነው፣ ይህ ፍርሃት ቦታውን የሳተ መሆኑን ነው። ጉንፋንም ቢሆን ኢንፍሉዌንዛም ቢሆን ኮቪድም ቢሆን፣ የሚመጣው ከውጭ ከሚነፍሰው አየር ሳይሆን በቤት ውስጥ ከታፈነው የሰው ትንፋሽ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ለሚታየው ሰው አንድ ቁጥር እንጥቀስለት። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ብቻ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ከ740 ሺህ የሚበልጡ ሕፃናት በሳምባ ምች ሞተዋል። ከእነዚህም የብዙዎቹ ሕማም በመጀመሪያው ቀን ተራ ጉንፋን ይመስል ነበር።

በመጀመሪያ የመተንፈሻችንን መንገድ እንመልከት። አየር በአፍንጫ ገብቶ በጉሮሮ አልፎ ወደ ትልቁ የአየር ቧንቧ ይወርዳል። ይህ ቧንቧ ለቀኝና ለግራ ሳምባ ሁለት ሆኖ ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ደግሞ እንደ ገና ሁለት ይሆናል፤ እንዲህ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ከሃያ ጊዜ በላይ እየተከፈለ ሄዶ፣ በመጨረሻ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቈጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ያበቃል። ደማችን ንጹሑን አየር ተቀብሎ የተበላሸውን የሚመልሰው በእነዚህ ከረጢቶች ዘንድ ነው። አንድ ሙሉ ሰው በቀን 10 ሺህ ሊትር ያህል አየር ይስባል፤ ከአየሩም ጋር አቧራው፣ ጢሱና ተዋሕስያኑ አብረው ይገባሉ። ስለዚህ ፈጣሪ ለዚህ መንገድ ዘበኛ አቁሞለታል።

የዘበኛውም ሥራ እንዲህ ነው። የቧንቧዎቹ ግድግዳ በስሱ ንፍጥ የተቀባ ስለ ሆነ፣ ዝንብ በማር ላይ እንደሚጣበቅ የገባው ቆሻሻ ሁሉ በዚያ ላይ ይጣበቃል። ከንፍጡ በታች ደግሞ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ፀጉሮች አሉ። እነዚህም ነፋስ እንደሚያወዛውዘው የጤፍ አዝመራ ሁሉም በአንድነት ወደ አንድ ወገን እየተወዛወዙ፣ በአንድ ሰከንድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ እየመቱ፣ ንፍጡን ከነቆሻሻው ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን፤ በሆዳችን ያለው ኮምጣጣ ፈሳሽ የቀረውን ይጨርሰዋል። ይህ ሥራ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ የሚሠራ ነው።

ቫይረስ የሚባለው ግን ይህን ዘበኛ የሚያልፍበት ዘዴ አለው። ቫይረስ ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ፣ ራሱን ችሎ የማይመገብና የማይራባ ነገር ነው፤ በሕያው ሴል ውስጥ ካልገባ በቀር ምንም ሊያደርግ አይችልም። በላዩ ግን መክፈቻ የሚመስል ነገር ተሸክሟል፤ በመተንፈሻችን ሴሎች ፊት ላይ ደግሞ ለሌላ ጉዳይ የተሠሩ፣ ጓጉንቸር የሚመስሉ ነገሮች አሉ። የኢንፍሉዌንዛው መክፈቻ በሴሎቹ ላይ ካለው አንድ ስኳር መሰል ነገር ጋር ይገጥማል፤ የኮቪዱ ግን ሌላ ጓጉንቸር ይፈልጋል። መክፈቻው የገጠመለት እንደ ሆነ፣ ሴሉ ጠላቱን እንደ ወዳጅ ቈጥሮ ያስገባዋል። ከገባም በኋላ ባለቤቱ የገዛ ሥራውን ትቶ የእንግዳውን ቅጂ ብቻ እንዲሠራ ይገደዳል። በጥቂት ሰዓትም ውስጥ ከአንዱ ሴል እጅግ ብዙ አዳዲስ ቫይረሶች ወጥተው በአጠገቡ ወዳሉት ይገባሉ። የተያዙት ሴሎች ሲሞቱ ፀጉሮቹ አብረው ይረግፋሉ፤ ንፍጡም የሚገፋው አጥቶ ባለበት ይቆማል። ሳል የሚበረታውም ዘበኛው ወድቆ መንገዱ በጕልበት መጠረግ ሲኖርበት ነው። ትኩሳቱና ቁርጥማቱ ደግሞ አብዛኛው የቫይረሱ ሥራ አይደለም፤ ሰውነታችን ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ጦርነት ነው እንጂ።

ሕማሙ በአፍንጫና በጉሮሮ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ጉንፋን እንለዋለን፤ በሳምንት ጊዜም ይሄዳል። ወደ ታች የወረደ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ይልቁንም በሕፃናት ዘንድ። የሕፃን የአየር ቧንቧ እጅግ ቀጭን ስለ ሆነ፣ ለአባቱ የማይሰማው ጥቂት እብጠት ለልጁ መንገዱን ሊዘጋበት ይችላል። አር ኤስ ቪ የሚባለው ቫይረስ በአዋቂ ሰው ላይ ተራ ጉንፋን ሆኖ ሲያልፍ፣ የጥቂት ወር ሕፃን ይዞ ግን ሆስፒታል የሚያስተኛው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው አደጋ፣ ዘበኛው ወድቆ ሳለ ከቫይረሱ ኋላ ባክቴሪያ ተከትሎ ወደ ሳምባ መውረዱ ነው። በሽተኛው «ተሻለኝ» ባለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ተመልሶ የተነሣበት እንደ ሆነ፣ ይህ ምልክት የሚናቅ አይደለም።

ወደ ሌላውስ ሰው እንዴት ይሻገራል? ሰው ሲያስልና ሲያስነጥስ ብቻ ሳይሆን ሲናገርም ሲዘምርም ከአፉ የእርጥበት ነጠብጣብ ይወጣል። ትልልቁ ነጠብጣብ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ያህል ሄዶ ይወድቃል፤ እጅ ነክቶት አፍንጫንና ዓይንን ሲያሽ በዚያ ይገባል። ትንንሹ ግን አይወድቅም፤ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ለመረዳት ዕጣንን ማሰብ ይበቃል። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በአንድ ማዕዘን ዕጣን ቢጤስ፣ በሌላው ማዕዘን የተቀመጠው ሰው ሳይቈይ ይሸተዋል፤ ጢሱም ለብዙ ጊዜ ይሰነብታል። መስኮቱ ፊት ለፊት ቢከፈት ግን ወዲያው ተጠርጎ ይሄዳል። የሰው ትንፋሽም እንዲሁ ነው፤ ሽታና መልክ ስለሌለው ብቻ አናየውም። ደግሞም የኢንፍሉዌንዛ በሽተኛ ሕማሙ ሳይሰማው ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከታመመም በኋላ አምስትና ሰባት ቀን ያህል ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ «እኔ ጤነኛ ነኝ» ማለት ብቻውን ዋስ አይሆንም።

«እንዲህ ከሆነ በብርድና በዝናብ ወራት ጉንፋን ስለ ምን ይበዛል?» የሚለን ሰው አይጠፋም፤ ጥያቄውም የሚገባ ነው። ቀዝቃዛ አየር የአፍንጫን መከላከያ ጥቂት ሊያዳክም እንደሚችል ሊቃውንት ይናገራሉ። ዋናው ምክንያት ግን ዝናቡ ሰውን ሁሉ ወደ ቤት ሰብስቦ በሩን ስለሚያዘጋው ነው። ቫይረስ በሌለበት አገር ብርድ ብቻውን ጉንፋን አይፈጥርም፤ ቫይረስ ባለበት ክፍል ግን ሙቀት አያድንም።

አባቶቻችን ይህን ባለማወቃቸው ሊነቀፉ አይገባም፤ በዚያን ዘመን የዓለም ሐኪሞችም አያውቁትም ነበርና። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር «የኅዳር በሽታ» የተባለው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ በበረታ ጊዜ፣ የባቡሩ ሐዲድ ወደ ከተማይቱ ከደረሰ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ ሳይቀሩ በብርቱ ታመው ነበር የዳኑት። የታሪክ ጸሐፊዎች በአዲስ አበባ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገምታሉ፤ በመላው ዓለም የሞተውንም ከ20 እስከ 50 ሚሊዮን ያደርሱታል። ከሞቱትም ብዙዎቹን የገደላቸው ከቫይረሱ ኋላ የተከተለው ባክቴሪያ እንደ ነበረ በኋላ ተመርምሮ ተገኝቷል። የሕማሙ ምክንያት ቫይረስ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. ለንደን ላይ ነው። መርማሪዎቹ ከታመመ ሰው ጉሮሮ የወሰዱትን ፈሳሽ ፌሬት በሚባል፣ ሸለምጥማጥ በሚመስል ትንሽ አውሬ አፍንጫ ጨመሩ፤ አውሬውም ታመመ። በኋላም ከአውሬዎቹ አንዱ በአንደኛው መርማሪ ፊት ላይ አስነጠሰበትና ሐኪሙ በተራው ኢንፍሉዌንዛ ያዘው። ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም ነበር።

ሕዝባችን ያንን መቅሠፍት በማሰብ ኅዳር 12 ቀን በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ጥራጊውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። ግቢን ስለ መጥረጉ እናመሰግናለን። ስለ ማቃጠሉ ግን የምንለው አለን። ጢስ እነዚያን ጥቃቅን ፀጉሮች የሚያዳክም፣ የቧንቧውንም ግድግዳ የሚያቈስል ነገር ነው፤ የሳምባን በሽታ ለማባረር ተብሎ ከተማው ሁሉ በጢስ ሲታፈን ማየት ያሳዝነናል። መጥረጉ ይቅር አንልም፤ የተጠረገው ግን ቢቀበር ወይም በማዘጋጃ ቤት ቢነሣ ይሻላል።

ኮቪድንም አንባቢዎቻችን በዓይናቸው ስላዩት ብዙ አንጽፍበትም። የመጀመሪያው በሽተኛ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገለጠ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ በመጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ሰው እጅ መንሣትን በክርን ለወጠ፤ ጭንብል አደረገ፤ እጁን ታጠበ። ከዚህ ሁሉ ቶሎ የተረሳው ደግሞ ከሁሉ የቀለለውና ገንዘብ የማይጠይቀው ነበር፤ ይኸውም መስኮት መክፈት።

አሁን ወደ ወላይታ እንመለስ። ወላይታ በኢትዮጵያ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አገሮች አንዱ ነው፤ ደመናም ከዳሞት ተራራ ላይ ወርዶ በተኛበት ወራት ብርዱ ቀላል አይደለም። በገጠሩ ያለው የሣር ክዳን ክብ ቤት፣ በእንሰት ተከቦ ሲታይ ዓይን የሚስብ፣ በብልኀትም የተሠራ ቤት ነው። ነገር ግን በብዙው ቤት ምድጃው በመካከል ነው፤ ከብቱም በአንድ ወገን ያድራል፤ መስኮት የለውም፤ ጢሱም የሚወጣው በክዳኑ መካከል እየሰረገ ነው። ጢሱ ሣሩን ከነቀዝ እንደሚጠብቅ፣ ተባይንም እንደሚያርቅ ባለቤቶቹ ያውቃሉ፤ እውነትም ነው። እናቲቱ ግን ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ በዚያ ምድጃ ላይ ስታበስል፣ ልጁ ጢሱን ከእርሷ ጋር እኩል ይስባል፤ ዘበኞቹም ቫይረሱ ሳይመጣ አስቀድመው ይደክማሉ። ማታ ደግሞ ስድስትና ሰባት ነፍስ በአንድ ክፍል በሩን ዘግቶ ሲያድር፣ አንዱ ያመጣው ጉንፋን እስኪነጋ የሁሉ ይሆናል።

ቤቱን አፍርሱ አንልም። ምድጃውን ወደ ተለየ ማድ ቤት ማውጣት፣ ይህ ባይቻል ጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ መሥራት፣ ከሁሉም ይልቅ ሕፃኑን በማብሰያ ጊዜ ከእሳቱ ዘንድ አርቆ ለታላቅ እኅቱ ወይም ለአያቱ መስጠት ይቻላል። በሶዶ ከተማ በቆርቆሮና በብሎኬት አዲስ ቤት የሚሠሩ ክቡራን ደግሞ መስኮቱን በአንድ ወገን ብቻ አያድርጉት፤ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ሁለት መስኮት ፊት ለፊት ሲሆን ነው ቤት የሚተነፍሰው። በቢሮና በትምህርት ቤት፣ በስብሰባም አዳራሽ ያለው ሹም ከሁሉ አስቀድሞ ሊያዝ የሚገባው ይህንኑ ነው። ጸሐፊው እያሳለው በሥራ ገበታው የተገኘ እንደ ሆነ፣ ትጋቱን ከማመስገን ወደ ቤቱ መስደድ ለመሥሪያ ቤቱ ይበጃል።

በቀድሞው ዘመን መኳንንቱ በኩታቸው አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ይቀመጡ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ምክንያቱ ክብር ነበረ እንጂ ጤና አልነበረም፤ ዳሩ ግን የሚያስል ሰው ያንን ልማድ ቢይዘው መልካም ነው። ነጠላ ሳሳ ያለ ስለ ሆነ ደራርቦ ማጠፍ ያስፈልጋል፤ ትልልቁን ነጠብጣብ ይይዛል፤ የሚንሳፈፈውን ግን በደንብ የተሠራ ጭንብልና የተከፈተ መስኮት ናቸው የሚያስቀሩት።

ስለ አራስ ጥየቃም አንድ ቃል እንበል። ጨቅላ ሕፃንን መሳም የፍቅር ምልክት መሆኑን እናውቃለን። ጉንፋን የያዘው ዘመድ ግን ገንፎውን በልቶ ከደጅ ቢመለስ፣ ከሳመው ይልቅ ወደደው እንላለን። በወላይታ በጊፋታ በዓል ዘመድ ከሩቅም ከቅርብም በሚሰበሰብበት ጊዜ ይህ ይልቁንም ሊታሰብ ይገባል።

ስለ ቤት መድኃኒት የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ማርና ዳማከሴ ለጉሮሮ ያስታግሳሉ፤ አንከለክልም፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። የወላይታ ዳጣ አፍንጫን እንደሚከፍት የቀመሰው ሁሉ ያውቃል፤ ቫይረሱን ግን አይገድለውም፤ እኛም የምንወደው ስለ ጣዕሙ ነው። አንቲባዮቲክም ቢሆን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም፤ ስለዚህ ለተራ ጉንፋን ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝቶ መዋጥ ከንቱ ነው፤ በእውነት በሚያስፈልግበት ቀን እንዳይሠራ ያደርገዋልና ጉዳትም አለው። ፈጽሞ የምንቃወማቸው ግን ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ሕፃን ባሳለ ጊዜ «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ማስቈረጥ ነው። ሳሉ ከቧንቧው ነው፤ እንጥሉ ምንም አላደረገም፤ በቍስሉ ግን ደም ሊፈስ፣ ሌላ ሕማምም ሊገባ ይችላል፤ በዚህ የሞቱ ሕፃናት አሉ። ሁለተኛው፣ ለጨቅላ ልጅ በአፉና በአፍንጫው ቅቤ መጨመር ነው። ቅቤው ወደ ሳምባ የወረደ እንደ ሆነ ራሱ የሳምባ ሕማም ይሆናል።

ታዲያ ወላጅ ተራውን ጉንፋን ከአደገኛው የሚለየው በምንድር ነው? ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ሰዓት መያዝና መቍጠር ይበቃል። ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ ጸጥ ባለበት ጊዜ ልብሱን ከደረቱና ከሆዱ ገልጦ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሆዱ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ መቍጠር ነው። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ከሆነ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ከሆነ 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ እንደ ሆነ፣ አተነፋፈሱ ፈጣን ነው፤ ሳምባው ተነክቶ ይሆናልና በዚያው ቀን ወደ ጤና ባለሙያ መውሰድ ይገባል። ሲስብ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባትና መጠጣት ያቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም ሲጠሩት የማይነቃ ልጅ ግን ከቍጥር በላይ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ሊነጋ አይጠበቅም።

የገጠር ሰው ለዚህ ሩቅ መሄድ አይኖርበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በቀበሌው ጤና ኬላ የሕፃናትን ትንፋሽ ቈጥረው፣ የሳምባ ምችን እንዲያክሙ ተፈቅዶላቸዋል፤ የበረታባቸውንም ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። በሶዶም በተለምዶ ኦቶና የሚባለው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል አሉ። መከላከያውም በእጃችን ነው። ሂብ የሚባለውን ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባት ከ1999 ዓ.ም.፣ ኒሞኮከስ የሚባለውን የሚከላከለው ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ይሰጣል፤ ሁለቱም በስድስተኛው፣ በዐሥረኛውና በዐሥራ አራተኛው ሳምንት በነጻ የሚሰጡ ናቸው። በትንፋሽ ከሚተላለፉት ሁሉ እጅግ ፈጣን የሆነው ኩፍኝ ነው፤ ካልተከተቡ ሰዎች መካከል አንድ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያሲዝ ይችላል። የኩፍኝ ክትባት በዘጠነኛው ወር ይሰጣል፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም በዐሥራ አምስተኛው ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ተጨምሮበታል። ይህን ሁለተኛውን ብዙ እናቶች ልጁ አድጓል ብለው ስለሚተዉት፣ የልጆቻችሁን ካርድ አውጥታችሁ ትመለከቱልን ዘንድ እንለምናለን።